ቀንድ አውጣው ምን አጠፋ?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ፣ አርማኒያን ከተሻገረ በኋላ አየሩ በድንገት እንደሚለወጥበት ያስታውሳል። ጋቢ ይወልቃል፣ የመኪና መስኮት ይከፈታል። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ማንጎና ፓፓያ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድሮ ይጠብቀዋል። የይፋት ቆላ በረከት ይኸው ነው። የበረከቱ ምንጭ ደግሞ ከደጋው እየተምዘገዘጉ ወርደው ወደ አዋሽ የሚያቀኑት እንደ ሮቢ፣ ቆቦና ጀውሃ ያሉ ወንዞች ናቸው። ገበሬው ከእነርሱ ቦይ ቀድዶ ማሳውን ያጠጣል፤ እናቶች ልብስ ያጥቡበታል፤ ልጆች ይዋኙበታል፤ ሰጋጁም አዛን ሲሰማ ከቦዩ ዳር ቁጢጥ ብሎ ውዱእ ያደርግበታል።

በእንዲህ ዓይነቱ ውኃ ውስጥ፣ በተለይም ፍሰቱ ዝግ በሚልበትና የውኃ ሣር በበዛበት ሥፍራ፣ እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ቅርፊት የተሸከመ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ አንድ ፍጡር ይኖራል። ቀንድ አውጣ ነው። የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ባዮምፋላሪያ የሚሉት ይህ ወገን አይናከስም፤ አይናደፍም፤ ሰውን አይቶ እንኳ አያውቅም ቢባል ይቻላል። ሆኖም በደጋና በቆላ መካከል በሚገኙ አካባቢዎቻችን የሚታየው የአንጀት ቢልሃርዝያ ያለ እርሱ ከሰው ወደ ሰው ሊተላለፍ አይችልም። በሽታውን ለመግታት የተነሡ ሁሉ ወደ ውኃው መርዝ ይዘው የሚሄዱትም ለዚህ ነው።

ለመሆኑ ይህን ፍጡር መግደል ተገቢ ነውን? ተገቢ ከሆነስ በምን ምክንያት፣ እስከ ምን ድረስ፣ በምንስ መንገድ? «ለቀንድ አውጣ ደግሞ ምን ምርምር ያስፈልገዋል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኔ ግን ጥያቄው ከመልኩ የሚከብድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አንድ ነገር ጎዳን ስንል ጥፋተኛው እርሱ ነው ማለታችን ነውን? የጎዳንን ስናስወግድስ እየቀጣን ነው ወይስ ራሳችንን እየጠበቅን? በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ያለን አቋም ከቀንድ አውጣ አልፎ ወደ ብዙ የኑሯችን ጉዳይ ይዘልቃል።

ሁለት ፈጣን መልሶች

በየመስጊዱ ደጃፍ፣ በየቡናው ዙሪያ ጥያቄው ሲነሣ ሁለት ፈጣን መልሶች ይሰማሉ። አንደኛው በምድር ላይ ያለው ሁሉ ለሰው ልጅ መጠቀሚያ የተፈጠረ በመሆኑ የጎዳንን ማጥፋት ምንም ጥያቄ የለበትም የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ፍጡራን ሁሉ እንደ እኛው ኡመቶች ናቸው፤ እኛ ባንረዳውም ጌታቸውን በየራሳቸው ያጠራሉ፤ ስለዚህ መንካት አይገባንም ይላል። ሁለቱም ከቁርኣን መነሻ አላቸው። ችግሩ እያንዳንዱ የያዘውን ግማሽ ብቻ ይዞ መሄዱ ነው።

በሐዲሥ ከተላለፉልን ታሪኮች መካከል አንዱ ስለ አንድ የጥንት ነቢይ ይነግረናል። ከዛፍ ሥር አረፍ ባሉበት አንዲት ጉንዳን ነከሰቻቸው፤ እርሳቸውም የጉንዳኖቹ መኖሪያ በሙሉ በእሳት እንዲቃጠል አዘዙ። አላህም (ሱ.ወ.) በአንዲት ጉንዳን ንክሻ ምክንያት እርሱን የሚያጠራ አንድ ሕዝብ በሙሉ በማጥፋታቸው ወቀሳቸው። በሌላ በኩል ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እንደ አይጥ፣ ጊንጥና ተናካሽ ውሻ ያሉትን ጎጂዎች በተከበረው የሐረም ክልል ውስጥ እንኳ መግደልን ፈቅደዋል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ስናስቀምጣቸው ነገሩ ይገለጣል። ጉዳትን ለመከላከል ፈቃድ አለ። ወቀሳው የመጣው ከነከሰችው አልፎ ላልነከሰው፣ ከጉዳቱ መጠን አልፎ ለቁጣ በዋለው ኃይል ላይ ነው።

እንግዲህ ጥያቄያችን «ይገደል ወይስ አይገደል» ከሚለው ይልቅ «ጉዳቱ ምንድን ነው፣ ከየትስ መጣ» ወደሚለው ይሸጋገራል ማለት ነው።

የጥፋቱ ጉዞ

እስቲ ነገሩን ከመነሻው እንከተለው። በደም ሥሩ ውስጥ የቢልሃርዝያ ትል ያለበት አንድ ሰው ከቦይ ዳር ሜዳ ላይ ይጸዳዳል። የትሉ እንቁላሎች ከዐይነ ምድሩ ጋር ይወጣሉ፤ ዝናብ ወይም የመስኖ ውኃ ጠርጎ ቦይ ውስጥ ይከታቸዋል። እንቁላሉ ንጹሕ ውኃ እንዳገኘ ይፈለፈላል። ከውስጡ የወጣው ዐይን የማያየው እጭ ቀንድ አውጣውን ፈልጎ ማግኘት አለበት፤ በአንድ ቀን ውስጥ ካላገኘው ይሞታል። ካገኘው ግን ሥጋውን ሰርስሮ ይገባና በውስጡ ይራባል። ከአንድ ወር ከምናምን በኋላ ጭራ ያላቸው እጮች ከዚያ ከአንዱ ቀንድ አውጣ በየቀኑ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች እየሆኑ ይወጣሉ። እነዚህ ውኃ ውስጥ የገባ እጅና እግር ሲያገኙ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ በስተው ይገባሉ። በሰውየው ሰውነት ውስጥ አድገው፣ ወንድና ሴት ሆነው ተጣምረው፣ በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ለዓመታት ይኖራሉ። እንቁላሉ አንጀትን እያቆሰለ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያመጣል፤ ወደ ጉበት የሄደው ደግሞ ጉበትን እያጠነከረ፣ ጣፊያን እያሳበጠ፣ ከጊዜ በኋላ ሆድ ውኃ እንዲቋጥር እስከ ማድረግና ደም እስከ ማስታወክ ያደርሳል። የልጆችን ዕድገትና ትምህርትም ይጎትታል።

በዚህ ጉዞ ውስጥ የቀንድ አውጣውን ቦታ ልብ በሉልኝ። በሽታውን አልፈጠረም። ከሰው ተቀበለ፤ ለሰው መለሰ። በመካከሉ እርሱም ይጎዳል፤ ትሉ የገባበት ቀንድ አውጣ እንቁላል መጣል ያቆማል ወይም ይቀንሳል፣ ዕድሜውም ያጥራል። በእንስሳት ዓለም ሕመምተኛ የሚባል ካለ ይህ ሕመምተኛ ነው።

በሂጅራ አራተኛው ክፍለ ዘመን በበስራ ከተማ ይኖሩ የነበሩት ኢኽዋን አስ-ሶፋ የሚባሉት ጸሐፊዎች (ዑለማዎች በብዙ ሐሳባቸው እንደማይስማሙ ሳንዘነጋ) ካዘጋጇቸው መልእክቶች አንዱ፣ እንስሳት ሰዎችን በጂኖች ንጉሥ ችሎት ከስሰው የሚከራከሩበት ነው። የሰው ልጅ በጉልበቱም በብልሃቱም ሊመካ ቢሞክር አንዱም አይጸናለትም፤ በመጨረሻ ልዩ የሚያደርገው ከሞት ተቀስቅሶ የሚጠየቅ መሆኑ ነው። የይፋት ቀንድ አውጣ በዚያ ችሎት ቢቆም ምን ይል ነበር? «እኔ ቤቴ ተቀምጬ ሳለሁ በሽታውን ይዘው የመጡብኝ እነርሱ ናቸው» ቢል ማን ይመልስለታል?

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያውስ አይገደልም» ማለት ስሕተት ነው። ጥፋተኛ አለመሆኑ ጎጂ አለመሆኑን አያሳይም። ተላላፊ በሽታ የያዘውን ሰው ለብቻው ስናስቀምጠው እየቀጣነው አይደለም፤ የሌላውን ሕይወት እየጠበቅን ነው። የአንድ ሕፃን ጉበት ከሺህ ቀንድ አውጣ ይበልጣል፤ በዚህ ላይ ማመንታት ርኅራኄ አይባልም። ልዩነቱ የሚታየው በአፈጻጸሙ ላይ ነው። እየቀጣ እንደሆነ የሚያስብ ሰው በገደለው ብዛት ይረካል፤ ቁጣው ሲበርድ ሥራው ያበቃለታል። ጉዳትን እያስቆመ እንደሆነ የሚያስብ ግን ገድሎም «ጉዳቱ ቆመ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ የጠየቀ ሰው ደግሞ ብዙ ሳይቆይ ወደ ራሱ እጅ ይመለሳል።

ቤቱን ማን ሠራለት?

የይፋት ወንዞች ክረምት ሲመጣ በደራሽ ጎርፍ ይሞላሉ፤ ጎርፉም ቀንድ አውጣውን፣ ሣሩንና ደለሉን አግበስብሶ ይወስዳል። በወንዙ ውስጥ ዓሣውም ወፉም ይለቅመዋል። ሰው ቦይ ሲቆፍርና ውኃ ሲያቁር ግን ጎርፍ የማይደርስበት፣ ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ፣ ሣር የሚበቅልበት፣ ጠላት የሌለበት ማረፊያ ያዘጋጅለታል። ቀንድ አውጣው የመጣው ተጠርቶ ነው ማለት ይቻላል።

ለዚህ ሩቅ ሳንሄድ በዚያው በአዋሽ ተፋሰስ ምሳሌ አለን። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ጀመረ። ሰፊ የመስኖ ቦይ ተዘረጋ፤ ከየአቅጣጫው ሠራተኛ መጣ፤ ከመጣው መካከል በሽታውን በሆዱ የያዘ ነበረበት። ቦይ፣ ቀንድ አውጣና የታመመ ሰው አንድ ላይ ሲገናኙ የአንጀት ቢልሃርዝያ በእርሻው ሥር ሰደደ። ከዚያም ዝቅ ብሎ በሞቃታማው የአዋሽ ሸለቆ፣ በአሚባራና በገዋኔ አካባቢ፣ የሽንት ቧንቧን የሚያጠቃው ሌላው ዓይነት ቢልሃርዝያ ቡሊነስ በሚባል የራሱ ቀንድ አውጣ ይተላለፋል። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት ግን የመጀመሪያው ዓይነት በሚመቸው ከፍታ ላይ ናት፤ በሀገራችን የአንጀት ቢልሃርዝያ በብዛት የሚተላለፈው ከ1,000 እስከ 2,000 ሜትር ባሉት ቦታዎች ነውና።

በሴኔጋል የሆነው ደግሞ ከዚህም ይበልጥ ያስገርማል። የሴኔጋል ወንዝ ወደ ባሕሩ ከሚገባበት አጠገብ የዲያማ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1986 ተሠራ። ዓላማው የባሕር ጨው ወደ ወንዙ እንዳይገባና የመስኖ እርሻ እንዲስፋፋ ነበር፤ ዓላማውም መልካም ነበር። ነገር ግን ጨው ሲቀር ውኃው ለቀንድ አውጣ ተመቸ። ቀንድ አውጣ እየበላ ይኖር የነበረው የወንዝ ሽሪምፕም ወደ ባሕር ወርዶ የሚራባበት መንገድ በግድቡ ተዘጋበት። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በ1988፣ በሪሻር ቶል ከተማ የአንጀት ቢልሃርዝያ ታየ፤ ብዙም ሳይቆይ አብዛኛውን ነዋሪ ያዘ። ሕዝቡ እንደ ይፋት ሕዝብ ሙስሊም ነው፤ በወንዙ ይታጠባል፤ በወንዙ ውዱእ ያደርጋል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ያልተጠየቀ ጥያቄ ግን አለ።

ይህ ነገር በትልቅ ግድብ ብቻ የሚታይ አይደለም። በሸዋ ሮቢት የሚኖር አንድ ወዳጄ ለልጆቹ ብሎ የመስታወት የዓሣ ገንዳ ሳሎኑ ውስጥ አስቀምጧል። ገንዳውን ለማስዋብ ከመስኖ ቦይ የውኃ ሣር ነቅሎ አምጥቶ ተከለበት። በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ መስታወቱ በትናንሽ ቀንድ አውጣዎች ተሸፈነ። «መዳብ ያለበት መድኃኒት ይሸጣል፤ ላፍስበት ወይ? ወንጀል ይሆንብኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። ባለቤቱ ደግሞ «ወንጀሉን ኋላ ታወራላችሁ፤ በመጀመሪያ ልጆቹ እጃቸውን ከዚያ ገንዳ ያውጡ» አለች። ከሁላችንም ቀድማ ዋናውን ነገር የተናገረችው እርሷ ናት። የታመመ ቀንድ አውጣ ከቦይ ወደ ሳሎን ቢዛወርም እጭ መልቀቁን ለሳምንታት ሊቀጥል ይችላል፤ ገንዳውን በባዶ እጅ የሚያጸዳ ልጅ ከቦይ ዳር ከሚዋኘው ልጅ አይለይም። ስለሆነም ከቦይ የመጣ ሣርና ቀንድ አውጣ ከገንዳው ወጥቶ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት፤ ተመልሶ ወደ ቦይ መደፋትም የለበትም።

ከመደብር በተገዛ ተክል ላይ ተጣብቆ የመጣ ቀንድ አውጣም ቢሆን ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ብዙው የሚራባው ከዓሣው የተረፈውን ምግብና የበሰበሰውን ቅጠል እየበላ ነው፤ ባለቤቱ ከሚገባው በላይ ምግብ ሲጥል ቀንድ አውጣው ይበዛል፤ ሲቀንስ ይቀንሳል። የቀንድ አውጣው ብዛት የባለቤቱ እጅ መለኪያ ነው ማለት ይቻላል። መዳቡ ቀንድ አውጣውን ሲገድል ሽሪምፑን አብሮ ይገድላል፤ ዓሣውንም ይጎዳል፤ የሞተው ሲበሰብስ ደግሞ ውኃውን ያበላሻል። ድመቷን አስራ ስላስራበቻት ሴት በሐዲሥ የተነገረውን ሁላችንም እናውቃለን፤ እንስሳን ከልለን ስናስቀምጥ ኃላፊነቱን ወስደናል ማለት ነው። ዓሣዎቹ በዚያ ገንዳ ውስጥ አማና ናቸው። ማታ የሰላጣ ቅጠል ገንዳው ውስጥ አስቀምጦ፣ ጠዋት በላዩ ከተሰበሰቡት ቀንድ አውጣዎች ጋር አንሥቶ ማውጣት፣ ምግቡንም መቀነስ ይቻላል። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ከወጡ በኋላ በአንድ ምት ማድቀቅ በጨው ቀስ በቀስ ከማቅለጥ ይሻላል፤ ለእርድ እንኳ ቢላውን ስለን እንስሳውን እንድናሳርፍ የታዘዝን ሕዝቦች ነንና።

አንድ ነገር ልጨምር። ባዮምፋላሪያ ወንድነትንም ሴትነትንም በአንድ አካል የያዘ ነው፤ አንድ ብቻ ቢቀር ብቻውን ተራብቶ ገንዳውን ወይም ቦዩን እንደገና ሊሞላ ይችላል። መቶ ቀንድ አውጣ ካለበት ቦይ ዘጠና ዘጠኙን የገደለ ሰው ምግቡን፣ ሣሩንና ዐይነ ምድሩን እንደነበረ ከተወው በሚቀጥለው ዓመት መቶውን መልሶ ያገኛቸዋል። በየዓመቱ መርዝ እየገዙ ማፍሰስ ያኔ ከኢስራፍ የሚለይበት ምክንያት አይታየኝም።

ጠሃራ የሆነ፣ ግን የሚጎዳ

ስለ ውኃ ስናነሣ ለእኛ ለሙስሊሞች ልዩ የሆነ አንድ ጉዳይ አለ። በፊቅህ መጻሕፍት እንደተማርነው፣ የሚፈስ ደም የሌለው ፍጡር ውኃ ውስጥ ቢሞት በብዙኃኑ ዑለማ ዘንድ ውኃው አይነጀስም። የሚፈሰው የቦይ ውኃ ቀለሙ፣ ጣዕሙና ሽታው በነጃሳ እስካልተለወጠ ድረስ ውዱእ ይደረግበታል። ገበሬው ይህን ያውቃል፤ ትክክልም ነው። ከዚህ ተነሥቶ ግን «ውኃው ጠሃራ ከሆነ አይጎዳኝም» ብሎ ያስባል፤ እዚህ ላይ ነው ሁለት የተለያዩ ነገሮች የሚደበላለቁት። ጠሃራ ለዒባዳ የሚያስፈልግ ሁኔታ ነው፤ ጤና ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የሚፈላ ውኃ ጠሃራ ነው፤ ማንም ግን እጁን አይነክርበትም።

ከቀንድ አውጣው የሚወጡት እጮች ብርሃንን እየተከተሉ ነው የሚለቀቁት፤ ብዛታቸው የሚያይለው ከረፋድ እስከ ቀትር ማለፊያ ድረስ ነው። ስለዚህ ከቦይ ውኃ የሚደረግ ውዱእ ከሱብሒ ይልቅ በዙህር ጊዜ ያሰጋል። ገበሬው ሲሠራ ውሎ፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቦይ ውስጥ ነክሮ የሚቀመጥበትም ሰዓት ይኸው ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም። እጮቹ ሰው ካላገኙ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ አይኖሩም፤ ቀንድ አውጣ በሌለበት በርሜል ወይም ጋን ተቀድቶ ሁለት ቀን ያደረ ውኃ ከዚህ ትል ነጻ ነው። የጉድጓድ ውኃም የቧንቧ ውኃም አለ። ውኃ መጠቀም ጉዳት ያመጣበታል ተብሎ ለሚፈራለት ሰው ሸሪዓው ተየሙምን መፍቀዱ ራሱ፣ አላህ (ሱ.ወ.) በዒባዳ ሰበብ ጤናችንን እንድናጣ እንደማይፈልግ ያሳያል፤ ዝርዝሩን ለዑለማዎቻችን እተዋለሁ።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በማይንቀሳቀስ ውኃ ውስጥ መሽናትን ከልክለዋል፤ ሰዎች ውኃ በሚቀዱበት፣ በመንገድና በጥላ ሥር መጸዳዳትንም እርግማን የሚያመጣ ብለው አስጠንቅቀዋል። የቢልሃርዝያን የሕይወት ዑደት ያጠና ሰው ይህን ሲያነብ ልቡ መነካቱ አይቀርም። ቀንድ አውጣውን ሳንነካ በሽታውን ማቋረጥ የምንችልበት ቦታ በትክክል እዚያ ላይ ነው።

የአድዋ ልብስ አጣቢዎች

ስለ መግደያው መንገድ ከተነሣ የእንዶድን ታሪክ ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈው አዩ፤ ከላይ ባለው ውኃ ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። በሕይወት ካሉት ሰብስበው የእንዶድ አረፋ ቢጨመርባቸው ወዲያው ሞቱ። እናቶቻችን ከሳሙና በፊት ጋቢና ነጠላ ያነጡበት የነበረው፣ ተወቅጦ አረፋ የሚያወጣው የደጋ ፍሬ፣ በውድ ዋጋ ከውጭ የሚመጣውን መርዝ የሚተካ ሆኖ ተገኘ። በአድዋ ለአምስት ዓመታት ያህል፣ ከ1969 እስከ 1974፣ በውኃው ላይ ተሞክሮ ከሕዝቡ በበሽታው የተያዘው ከመቶ 63 ወደ 33፣ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ካሉት ሕፃናት ደግሞ ከመቶ 50 ወደ 7 ዝቅ አለ። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 አርፈዋል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚያስገርመኝ የልብስ አጣቢዎቹ ነገር ነው። ሥራ በኒያ ነው፤ እነዚያ ሴቶች ደግሞ ያሰቡት ነጠላ ማንጣትን ብቻ ነበር። ሳያስቡት ግን ከእነርሱ በታች ያለውን ውኃ ለሚነኩ ልጆች ጋሻ ሆኑ። ከላይ ያለውን ውኃ ሳያስብ ያቆሸሸውም ሰው በተመሳሳይ መንገድ፣ ክፉ ኒያ ሳይኖረው፣ ከታች ያለውን ልጅ ጎዳ። ኒያ የሰውየውን ምንዳ ይወስናል፤ ውኃው ግን ኒያ አይጠይቅም፤ የተሰጠውን ይዞ ይወርዳል። ከዚህ የተነሣ ዕውቀት ካገኘን በኋላ «አላሰብኩትም» የሚለው ቃል ቀድሞ የነበረውን ክብደት ያጣል።

እንዶድም ቢሆን ያለ ዋጋ አይሠራም። በብርብራ ዓሣ የሚያሰክሩ አጥማጆች እንደሚያውቁት ሁሉ፣ ቀንድ አውጣን የሚገድል ተክል ዓሣንም ይገድላል፤ እንዶድም ከዚህ ዓይነት ነው። በአንጻሩ ውኃ ውስጥ በጥቂት ቀናት ፈርሶ ይጠፋል፤ የቀንድ አውጣውን እንቁላል ግን አይገድልም። ስለዚህ ሰዎች በሚነኩት ቦታ ላይ፣ በመጠን፣ ተደጋግሞ እንጂ ወንዙን ሙሉ ለማጽዳት ተብሎ የሚፈስ አይደለም። አውሬ በአውሬ ይጥፋ የሚለው ሐሳብም እንደዚሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች አንድን ጎጂ ቀንድ አውጣ እንዲበላ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሌላ ሥጋ በል ቀንድ አውጣ ተለቀቀ፤ እርሱ ግን የተላከበትን ትቶ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙትን የደሴቶቹን ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች ፈጃቸው። የጉንዳኗ ታሪክ እንደገና በሌላ መልክ መጣ ማለት ነው።

ይህ የማን ሥራ ነው?

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ እንምጣ። ከላይ የተጻፈውን ያነበበ ሰው «እንግዲህ ጥፋተኛው ሜዳ ላይ የሚጸዳዳው ገበሬ ነው» ሊል ይችላል። እኔ በዚህ አልስማማም። መጸዳጃ ቤት በሌለበት ማሳ ላይ ከንጋት እስከ ምሽት የሚሠራ ሰው፣ ከቦይ ሌላ ውኃ የሌለው ሰው፣ ምን ምርጫ ተሰጥቶት ነው የሚወቀሰው? ቀንድ አውጣውን ከወቀሳ አውጥተን ድኻውን በቦታው ካስቀመጥን ፍርዳችን አልተሻሻለም። የቀን ሠራተኛው ከደጋ ለሽንኩርት ለቀማ ወርዶ፣ ቦይ ዳር አድሮ፣ በሽታውን ይዞ ወደ መንደሩ ይመለሳል፤ ሽንኩርቱን አዲስ አበባ ላይ የምንበላው እኛ ነን።

ሸሪዓችን ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ፈርድ ኪፋያ የሚባል ነገር አለው። ከማኅበረሰቡ በቂ የሆኑ ሰዎች ከሠሩት ከሌላው ይወርዳል፤ ማንም ካልሠራው ግን የሚችሉት ሁሉ ይጠየቁበታል። ጀናዛ ማጠብና መቅበርን በዚህ ሥር እናውቀዋለን፤ ማንም ሰው ሳይቀበር አድሮ አያውቅም። የቦይ ዳር መጸዳጃ ቤትና ንጹሕ የውዱእ ውኃ በዚህ ሥር መቆጠር አለባቸው ብዬ አምናለሁ። ገንዘብ ሲሰበሰብ ምንጣፍና ሚናራ የሚቀድሙበት መስጊድ ካለ፣ ኮሚቴው ቅደም ተከተሉን መልሶ ቢያየው መልካም ይመስለኛል። ይህን ስል ምንጣፍ የሚያስከፋው ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ነገር ግን በምንጣፉ ላይ የሚሰግደው ልጅ ሆዱ በውኃ ተነፍቶ ሩኩዕ ሲያቅተው ማየት ይበልጥ ያስከፋል።

«ሁሉም በቀደር ነው፤ የታዘዘ አይቀርም» ለሚሉ ወንድሞች የዑመርን (ረ.ዐ.) ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በሻም የዐምዋስ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ከመንገድ ሲመለሱ፣ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ቀደር ትሸሻለህን ብለው ጠየቋቸው። እርሳቸውም ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ መለሱላቸው፤ አንዱ ወገኑ ለምለም፣ ሌላው ደረቅ የሆነ ሸለቆ ላይ ግመሎቹን የሚያሰማራን እረኛም ምሳሌ አደረጉ። በየትኛውም ቢያሰማራ በቀደር ነው፤ ለምለሙን ትቶ ደረቁን የሚመርጥ እረኛ ግን የለም።

መድኃኒቱ ፕራዚኳንተል ይባላል፤ በሰው ሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል። በሀገራችን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በትምህርት ቤቶች በዘመቻ መልክ ለሕፃናት ሲሰጥ ቆይቷል። መድኃኒቱ የሚሰጥበት ቀን ሲነገር ልጅን ከትምህርት ቤት ለሽንኩርት ሥራ ማስቀረት አይገባም። ባዶ ሆድ ላይ ሲወሰድ ማቅለሽለሽና የሆድ ቁርጠት ሊኖር ስለሚችል ቁርስ አብልቶ መላክ ያስፈልጋል፤ በዚህ ቀላል ሕመም ፈርተው ልጃቸውን የሚያስቀሩ ወላጆች አሉ። መድኃኒቱ ዳግመኛ ከመያዝ አይከላከልም። የዳነው ልጅ በማግስቱ ወደዚያው ቦይ ከገባ ትሉ በአዲስ መልክ ይጀምራል፤ ያልታከመው አባቱም ከማሳው ዳር ሆኖ በየቀኑ አዲስ እንቁላል ወደ ውኃው ይልካል። የሸዋ ሮቢት ወላጆች በዚህ በጋ ሊጀምሩ ከሚችሉት ሥራ ሁሉ ቅርቡ፣ ቦዩን በየጊዜው እያደረቁ ሣሩን በጫማና በረጅም እንጨት መጥረግ፣ ከማሳው ራቅ አድርጎ ጉድጓድ መቆፈር፣ በመስጊዱ ግቢም ክዳን ያለው አንድ ትልቅ በርሜል ውኃ ከሁለት ቀን በፊት ሞልቶ ማስቀመጥ ነው።